ሐጂ ሱሎንግ፦ የፓታኒው ዓሊምና ሰባቱ ጥያቄዎች

የታይላንድ ምድር ወደ ደቡብ እየቀጠነ ሄዶ ከማሌዥያ ጋር ከሚጋጠምበት ሥፍራ ጥቂት መለስ ብሎ፣ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ጠባብ የአሸዋ ምድር ወደ ባሕሩ ገብቶ እንደ ክንድ ታጥፎ ይታያል። ክንዱ ያቀፈው ጸጥ ያለ ውኃ የፓታኒ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከማሌዥያ ወሰን አቅራቢያ ካሉት የያላ ተራሮች የሚነሣው የፓታኒ ወንዝ ዝቅተኛውን ሜዳ አቋርጦ እዚያ ይፈስሳል። ጥንት መርከቦች ከማዕበል የሚጠለሉበት፣ የቻይናና የሕንድ ዕቃ የሚገናኝበት ወደብ የተቆረቆረውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ ያ ወደብና በዙሪያው ያለው የሩዝ፣ የኮኮናትና የጎማ ዛፍ አገር ከባንኮክ በየብስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ፣ ስፋቱ 1,940 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ ትንሽ ክፍለ ሀገር ነው።

ፓታኒን የታይላንድ ሰዎች ከደቡብ የድንበር ክፍለ ሀገሮች አንዷ አድርገው ይቆጥሯታል። ካርታውን አጥብቆ የሚመለከት ሰው ግን አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል፤ ፓታኒ የማሌዥያን ድንበር በየትኛውም በኩል አትነካም። ድንበሩን የሚነኩት ጎረቤቶቿ ያላ፣ ናራቲዋትና ሶንግክላ ናቸው። የፓታኒ ድንበርነት ከመሬቱ ይልቅ ከሰዉ ይመነጫል። አብዛኛው ሕዝብ ቡድሂስትና የታይ ቋንቋ ተናጋሪ በሆነበት አገር ውስጥ፣ እዚህ የሚበዛው ሙስሊም ነው፤ በቤቱ የሚናገረውም ማላይኛ ነው። ወሰኑ ገና ባልተሰመረበት ዘመን፣ በ1895፣ በዚህች ከተማ የተወለዱት ሐጂ ሱሎንግ አብዱልቃዲር ዕድሜያቸውን በሙሉ የታገሉት ከዚህ ልዩነት ጋር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየውን ለመረዳት አስቀድሞ አገሪቱ ምን እንደነበረች ማወቅ ይገባል። በዛሬው የያራንግ ወረዳ በቁፋሮ የተገኙት የጡብ ፍርስራሾች፣ ከእስልምና መምጣት በፊት በዚያ ምድር የሕንድን ሥልጣኔ የተከተለ ከተማ እንደነበረ ያሳያሉ፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ላንግካሱካ ከሚባለው ጥንታዊ መንግሥት ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ የመጣው የፓታኒ ሱልጣኔት ከፍ ያለ ዝና ያገኘው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ አራት ሴቶች በተከታታይ በነገሡበት ዘመን ነው። ንግሥቶቹ በቀለም ስም ይጠሩ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደቾችና እንግሊዞች መጋዘን የከፈቱት፣ ቻይናውያንና ጃፓናውያን የተመላለሱት በእነርሱ ደጃፍ ነው።

ከሲያም ነገሥታት ጋር የነበረው ግንኙነት አንድ ጊዜ ግብር በመላክ፣ ሌላ ጊዜ በጦር የሚፈታ ነበር። በ1786 የባንኮክ ጦር ፓታኒን ድል አድርጎ ከምርኮው ጋር አንድ ትልቅ የነሐስ መድፍ ወሰደ። መድፉ እስካሁን ባንኮክ ውስጥ፣ በመከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በእኛው ዘመን፣ በ2013፣ አምሳያው ተሠርቶ በፓታኒ ጥንታዊው የክሩ ሴ መስጊድ አጠገብ ሲቆም ብዙም ሳይቆይ ቦምብ ፈነዳበት። የአካባቢው ሰው የሚፈልገው ዋናውን እንጂ ቅጂውን አልነበረም። ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ብረት ቂም እንደሚይዝ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባንኮክ ፓታኒን ለሰባት ትንንሽ ግዛቶች ከፋፈለቻት። በ1902 ደግሞ የመጨረሻው ራጃ አብዱል ቃዲር ካማሩዲን ከሥልጣናቸው ተሽረው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፒትሳኑሎክ ተወስደው ታሰሩ። ሱሎንግ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበሩ። በ1909 የእንግሊዝና የሲያም መንግሥታት ስምምነት ፈርመው ክላንታን፣ ተረንጋኑ፣ ከዳና ፐርሊስ ወደ እንግሊዝ ሲዞሩ፣ ፓታኒና ሳቱን በሲያም በኩል ቀሩ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ ቤተሰቦች በማያውቁት መስመር ተለያዩ። ስምምነቱን የፈረሙት ሰዎች የፓታኒን ነዋሪ አስተያየት አልጠየቁም፤ በዚያ ዘመን ማንም ማንንም አይጠይቅም ነበር።

ከመካ እስከ ፓታኒ

የሱሎንግ ቤተሰብ የዕውቀት ቤተሰብ ነው። አያታቸው ዘይነል ዓቢዲን አል-ፋታኒ፣ ሕዝቡ ቱዋን ሚናል ብሎ የሚጠራቸው፣ በማላይኛ በዐረብኛ ፊደል የጻፏቸው የሃይማኖት መጻሕፍት በመላው የማላይ ዓለም ይነበባሉ። ፓታኒ መንግሥቷን ብታጣም የዓሊሞች ምንጭነቷ አልደረቀም። በዚያ አገር ባህላዊው የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጠው ፖንዶክ በሚባል ሥፍራ ነው። ስሙ ጎጆ ማለት ሲሆን፣ ደረሶች በመምህሩ ቤት ዙሪያ የየራሳቸውን ትንሽ ጎጆ ቀልሰው ለዓመታት ተቀምጠው ይማራሉ። ኪታቡን መምህሩ ያነባል፣ ያብራራል፤ ደረሳው ያዳምጣል፣ በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ክፍል የለም፣ የፈተና ወረቀት የለም፣ ማዕረግ የሚሰጠው መምህሩ ሲረካ ነው።

ሱሎንግ በዚሁ መንገድ ጀምረው ገና በ12 ዓመታቸው ገደማ ወደ መካ ተላኩ። ያኔ በመካ የፓታኒ ዓሊሞች ስም የከበረ ነበር። ከፓታኒ የሄደ ልጅ በቋንቋው የሚያስተምረው፣ የሚያስጠጋው የአገሩ ሰው አያጣም። ሱሎንግ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እዚያው ቆዩ፤ ተማሪ ሆነው ገብተው መምህር ሆኑ፤ ከማላይ አገሮች ለሚመጡ ደረሶች ያስተምሩ ጀመር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የኦቶማን ግዛት ፈረሰ፣ ሒጃዝ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፣ በ1924 የኢብን ሳዑድ ኃይሎች መካን ያዙ። ከካይሮ ደግሞ የሙሐመድ ዓብዱህና የተከታዮቻቸው የተሐድሶ ሐሳብ ይነፍስ ነበር፤ ሙስሊሙ የወደቀው ሃይማኖቱን ስለያዘ ሳይሆን ትምህርትን ስለተወ ነው የሚል ሐሳብ። ወጣቱ ሱሎንግ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አዩ፣ በጆሯቸው ሰሙ።

የመጀመሪያ ሚስታቸው ከሞቱባቸው በኋላ የክላንታን ሙፍቲ ልጅ የሆኑትን ኸዲጃን አገቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው በሕፃንነቱ ሲቀጠፍ፣ ሐዘናቸውን ለማስታገስ በ1920ዎቹ ማብቂያ ወደ ትውልድ አገራቸው መጡ። ሐሳባቸው ጥቂት ቆይተው ወደ መካ መመለስ ነበር። ያዩት ነገር ግን አስቀራቸው። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ መስጊዱ ይሞላል፤ ሆኖም ከሃይማኖቱ ጋር የተቀላቀለው የመናፍስትና የጥንቆላ ልማድ ብዙ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ቋንቋው ታይ፣ አስተማሪው ባዕድ በመሆኑ ወላጆች ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ። በ1921 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ በሁለተኛው ዓመት በፓታኒ አመጽ እስከመቀስቀስ ደርሶ ነበር። ከፖንዶኩ የወጣ ደረሳ ዐረብኛ ያነባል እንጂ ሒሳብ አያውቅም፤ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጣው ደግሞ ከአባቱ ጋር አይግባባም።

ሱሎንግ በየመንደሩ እየዞሩ ማስተማር ያዙ። ንግግራቸው የሚስብ ስለነበረ ሕዝብ ይከተላቸው ጀመር፤ ጠላትም አፈሩ። የድሮው ልማድ የሚነካባቸው የፖንዶክ መምህራን አዲስ ሃይማኖት አመጣ ብለው ከሰሷቸው፤ ባለሥልጣናቱም ሕዝብ የሚሰበስብ ሰው ሲያዩ ተጠራጠሩ። ለጥያቄ ተጠርተው ተለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የተያያዙት ሥራ ከሁሉ የበለጠ የሚወዱት ይመስለኛል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፓታኒ ከተማ አል-መዓሪፍ አል-ወጠኒያ የተባለ መድረሳ መሠረቱ። በአገሪቱ ደቡብ ክፍል በመደበኛ ክፍሎች የተደራጀ፣ ወንበርና ሰሌዳ ያለው፣ ተማሪው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያልፍበት የመጀመሪያው እስላማዊ ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ገንዘቡን ሕዝቡ አዋጣ፤ ሲያንስ ሱሎንግ ባንኮክ ድረስ ሄዱ። በ1932 በተካሄደው አብዮት የንጉሡ ፍጹማዊ ሥልጣን አብቅቶ ስለነበር ጠቅላይ ሚኒስትር ፕራያ ፓሆን ተቀብለዋቸው በገንዘብ ረዷቸው። ቡድሂስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሙስሊሞች መድረሳ መዋጮ መስጠታቸው በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ የነበረውን ተስፋ ያሳያል። ተስፋው ግን ዕድሜ አላገኘም፤ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ዓመት ሳይሠራ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። ሕዝብን የሚያስተባብር ማንኛውም ነገር ለፖሊስ የመገንጠል ጥንስስ ይመስለው ነበር።

የኮፍያው ዘመን

በ1938 ፊልድ ማርሻል ፊቡን ሶንግክራም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በማግስቱ ዓመት ሲያም የነበረው ስም ታይላንድ ተባለ፤ ሰዉን ሁሉ አንድ ዓይነት ታይ ለማድረግ የታሰቡ የባህል ድንጋጌዎችም በተከታታይ ወጡ። ዜጎች ኮፍያ እንዲያደርጉ፣ የምዕራባውያን ልብስ እንዲለብሱ፣ ቤተል ቅጠል ማኘክ እንዲተዉ ታዘዘ። ባንኮክ ውስጥ ይህ ለቀልድ የሚሆን ነገር ነበር። ፓታኒ ውስጥ ግን አልነበረም። ሳሮንግ ያሸረጠ ሽማግሌ በገበያ መካከል ይዋረዳል፤ ራሷን የተሸፈነች ሴት መሸፈኛዋ ይገፈፋል፤ ማላይኛ መንግሥት ቤት ውስጥ አይነገርም፤ ልጆች የታይ ስም እንዲይዙ ይገፋፋሉ። በጦርነቱ ዓመታት ደግሞ ከሁሉ የከፋው መጣ፤ ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን በሚመለከት ሙስሊሞች በእስልምና ሕግ የሚዳኙበት አሠራር ተሻረ።

ጦርነቱ ራሱ በበራቸው ነበር የገባው። ዲሴምበር 8 ቀን 1941 የጃፓን ወታደሮች በፓታኒና በሶንግክላ ዳርቻ ወረዱ። ፊቡን ከጃፓን ጋር ተሰለፉ፤ ጃፓንም በ1943 ክላንታንን ጨምሮ በ1909 የተሰጡትን ግዛቶች ለታይላንድ መለሰች። ለሁለት ዓመት ያህል ያ መስመር ከፓታኒ በስተደቡብ ጠፋ። በ1945 እንግሊዞች ሲመለሱ መስመሩም ተመለሰ። ለሕዝቡ ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ድንበር የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፣ ሰው ያሰምረዋል፣ ሰው ያጠፋዋል። ከታይላንድ በኩል መሆን የግድ አይደለም ብለው ያሰቡ ጥቂት አልነበሩም። የመጨረሻው ራጃ ልጅ ተንግኩ ማሕሙድ ማሕዪዲን ክላንታን ሆነው እንግሊዞች ፓታኒን ከማላያ ጋር እንዲያጣምሩ ይወተውቱ ነበር። እንግሊዝ ግን ለረኃብተኛው ማላያ የታይላንድን ሩዝ ትፈልግ ነበርና ጉዳዩን ተወችው።

ሱሎንግ የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። ባንኮክ ውስጥ ፊቡን ወድቀው የፕሪዲ ፓኖምዮንግ ወገን ሥልጣን ይዟል፤ በ1945 እስልምናን የመደገፍ አዋጅ ወጥቷል፤ በየክፍለ ሀገሩ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ተቋቁሟል። የፓታኒው ምክር ቤት ሰብሳቢ ሐጂ ሱሎንግ ሆኑ። በ1946 የቤተሰብና የውርስ ሕጉ ሲመለስ ግን ከመንግሥት ጋር ተጋጩ። መንግሥት ዳቶ ዩቲታም የሚባሉ የእስልምና ዳኞችን በራሱ ፍርድ ቤት፣ ከታይ ዳኞች ጎን ለማስቀመጥ ፈለገ። ሱሎንግ ግን ቃዲን የሚመርጠው ሙስሊሙ ሕዝብ መሆን አለበት፣ ፍርድ ቤቱም ራሱን የቻለ መሆን አለበት አሉ። ለባንኮክ ሰዎች ይህ ጥቃቅን የሥርዓት ክርክር ነበር። ለእርሳቸው የጉዳዩ ሥር ነው። ጋብቻንና ውርስን የሚዳኝ ሰው ሥልጣኑን ከማን እንደተቀበለ ካልታወቀ ፍርዱ ሸሪዓን ይከተል እንጂ ሸሪዓ አይሆንም።

ሰባቱ ነጥቦች

በ1947 የጠቅላይ ሚኒስትር ታዋን ታምሮንግናዋሳዋት መንግሥት የደቡቡን ብሶት የሚያጣራ ኮሚሽን ላከ። ኤፕሪል ወር ላይ ሐጂ ሱሎንግና ባልደረቦቻቸው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ሰባት ነጥቦች ነበሩ፤ በታይላንድ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ እስካሁን በዚሁ ቁጥር ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው ፓታኒን፣ ያላን፣ ናራቲዋትንና ሳቱንን የሚያስተዳድር፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነና በሕዝቡ የተመረጠ አንድ የበላይ ባለሥልጣን እንዲኖር ነው። በአራቱ ክፍለ ሀገሮች ከሚሠሩት የመንግሥት ሠራተኞች 80 በመቶው ሙስሊሞች ይሁኑ፤ ማላይኛ ከታይ ቋንቋ ጋር የሥራ ቋንቋ ይሁን፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማላይኛ ይሰጥ፤ የእስልምና ሕግ ከመንግሥት ፍርድ ቤት በተለየ የራሱ ፍርድ ቤት ይዳኝ፤ ከአራቱ ክፍለ ሀገሮች የሚሰበሰበው ገቢ እዚያው ላይ ይዋል፤ የእስልምና ምክር ቤቱም በመጀመሪያው ነጥብ በተጠቀሰው ባለሥልጣን የበላይነት ሥር የሙስሊሞችን ጉዳይ የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ይኑረው የሚሉት የቀሩት ናቸው።

እንደገና ቢነበብ በዚህ ውስጥ መገንጠል የሚል ቃል አይገኝም። ነጥቦቹ የታይላንድን መንግሥት፣ ዘውዱንም፣ ወሰኑንም እንዳለ ተቀብለው በውስጡ ቦታ የሚጠይቁ ናቸው። ይሁንና ባንኮክን ያስደነገጣት ምክንያት አልባ አልነበረም። ታይላንድ ገዥዎችን ከማዕከል፣ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር የምትሾም አሐዳዊ መንግሥት ናት። አንድ አካባቢ ገዥውን ይምረጥ ከተባለ ሌላውም ይጠይቃል። በዚህ ጉዳይ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም፤ በሰባ ሰባት ግዛቶች ከተከፈለችው አገር ውስጥ ነዋሪው ገዥውን የሚመርጠው አሁንም በባንኮክ ብቻ ነው። መንግሥት ከሰባቱ አንዳንዱን ሊያስብበት እንደሚችል ገለጸ፤ የመጀመሪያውን ግን አገርን መከፋፈል ነው ብሎ አልተቀበለውም።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ባርባራ ዊቲንግሃም-ጆንስ ፓታኒ ደርሳ ሐጂ ሱሎንግን አነጋግራ ያየችውን በሲንጋፖር ጋዜጣ አወጣች። የፖሊሱ ጭካኔና የባለሥልጣኑ ጉቦ በዓለም ፊት ተነበበ። ይህ ለሕዝቡ ድል መሰለ፤ ለሐጂ ሱሎንግ ግን ባንኮክ ውስጥ የነበሯቸውን ጥቂት ወዳጆች ዝም አሰኘባቸው።

ወዳጆቹም ብዙ አልቆዩም። ኖቬምበር 8 ቀን 1947 የጦር ሠራዊቱ መፈንቅለ መንግሥት አካሄደ፤ ፕሪዲ ከአገር ሸሹ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1948 ሐጂ ሱሎንግ ተያዙ። ክሱ አገርን መክዳት ነበር። በፓታኒ ሕዝብ ይነሣል ተብሎ ስለተፈራ ችሎቱ በስተሰሜን ወደሚገኘው ናኮን ሲ ታማራት ተዛወረ። ኤፕሪል ላይ ፊቡን እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

በዚያው ኤፕሪል ማብቂያ በናራቲዋት ክፍለ ሀገር ዱሱን ንዩር በተባለ መንደር በገበሬዎችና በፖሊስ መካከል የተነሣው ግጭት ለሦስት ቀን ያህል ቆየ። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ የማላይ ወገን መቶዎችን ይቆጥራል፣ የመንግሥት መዝገብ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ብዙ ሺህ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ማላያ ሸሸ። ሐጂ ሱሎንግ ይህ ሁሉ ሲሆን እስር ቤት ነበሩ፤ ሆኖም የአመጹ ጥላ በችሎታቸው ላይ አረፈ። በመጨረሻ በከባዱ ክስ ሳይሆን በጽሑፍ መንግሥትን አዋርደዋል፣ ሕዝብን በመንግሥት ላይ አነሣሥተዋል በሚል አነስ ባለ ወንጀል ተፈረደባቸው፤ የተወሰነባቸው አራት ዓመት ከስምንት ወር ነው። በእስር ቤት ሆነው አንድ የሃይማኖት መጽሐፍ ጻፉ። በ1952 ተፈቱ።

ዓርብ፣ ኦገስት 13

ከእስር የወጡት የ57 ዓመት ሰው ወደሚያውቁት ሥራ፣ ወደ ማስተማር ተመለሱ። ሊሰማቸው የሚመጣው ሕዝብ ከእስሩ በፊት ከነበረው በዛ እንጂ አላነሰም። ይህ በራሱ በቂ ጥፋት ነበር። በዚያ ዘመን የታይላንድ ፖሊስ ዋና አዛዥ ፓኦ ሲያኖን ናቸው፤ በእርሳቸው ጊዜ ባንኮክ ውስጥ የቀድሞ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ በፖሊስ እጅ እንዳሉ በጥይት ተገድለዋል። የፓታኒ ዓሊም ከዚያ የተሻለ ጥበቃ የሚያገኝበት ምክንያት አልነበረም።

በኦገስት 1954 ከሶንግክላ የፖሊስ ልዩ ክፍል ቀርበው እንዲነጋገሩ ተጠሩ። ሐጂ ሱሎንግ የታይ ቋንቋ በቅጡ ስለማይናገሩ የበኩር ልጃቸው አሕመድ ቶህሚና አስተርጓሚ ሆኖ አብሯቸው ሄደ፤ ሁለት ጓደኞቻቸውም ተከተሉ። ዕለቱ ኦገስት 13፣ ዓርብ ነበር። ከፓታኒ እስከ ሶንግክላ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሄዶ በማግስቱ የሚመለሱበት መንገድ። አራቱም አልተመለሱም። ፖሊስ አነጋግሬ አሰናብቻለሁ አለ። ቤተሰቡ በየደረሰበት ጠየቀ፤ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። አንዳንዱ ባለሥልጣን ወደ ማላያ ተሻግረው ይሆናል እያለ ያስወራ ነበር።

በ1957 ማርሻል ሳሪት ፊቡንንና ፓኦን በመፈንቅለ መንግሥት አስወግደው ሁለቱም አገር ለቀው ሲሄዱ፣ ስለ ጠፉት ሰዎች ምርመራ ተደረገ። ከምርመራው የወጣው ነገር አራቱም በዚያው በሶንግክላ ታንቀው እንደተገደሉ፣ አስከሬናቸውም ከባድ ነገር ታስሮበት በከተማዋ አጠገብ ባለው ውኃ ውስጥ እንደተጣለ የሚያመለክት ነበር። አስከሬን ግን አልተገኘም። ለፍርድ የቀረበም የለም።

ቤተሰቡ ከፖለቲካ ይሸሻል ብሎ የጠበቀ ሰው ተሳስቷል። ሌላው ልጃቸው አሚን ቶህሚና በ1957 ለፓርላማ ተመረጠ፤ የአባቱን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1961 ራሱ ታሠረ፤ በኋላም ወደ ማሌዥያ ሄዶ በስደት ኖረ። ታናሹ ደን ቶህሚና አባቱ ሲጠፉ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ሕግ ተምሮ በ1970ዎቹ ፓርላማ ገባ፤ ለአሥርተ ዓመታት በምክር ቤት፣ በምክትል ሚኒስትርነትና በሴኔት አገለገለ። አንዱ ወንድም ድንበሩን ተሻገረ፣ ሌላው በመንግሥቱ ውስጥ ሆኖ ለመሥራት መረጠ። የአባታቸው ሰባት ነጥቦች የያዟቸው ሁለት መንገዶች በአንድ ቤት ተከፈሉ ማለት ይቻላል።

ከቤተሰቡ ውጭ ግን በጽሑፍ መጠየቅን የሚያምን ሰው እየቀነሰ ሄደ። በ1960 ቢ.አር.ኤን. የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1968 ፑሎ ተከተለ። ሁለቱም ዓላማቸው ራስን በራስ ማስተዳደር ሳይሆን ነጻነት ነበር፤ መሣሪያም አነሡ። ትግሉ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል ጋለ፣ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ በረደ፣ በ2004 ከቀድሞው ሁሉ በባሰ ሁኔታ አገረሸ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል 28፣ የዱሱን ንዩር ግጭት በተፈጸመ በ56ኛው ዓመት፣ ወጣቶች በበርካታ የፖሊስ ጣቢያዎች ላይ ጥቃት ጣሉ፤ ወደ ክሩ ሴ መስጊድ ከገቡት 32ቱ እዚያው ተገደሉ። በኦክቶበር ደግሞ በናራቲዋት ታክ ባይ በተባለ ሥፍራ ከተያዙት ሰልፈኞች 78ቱ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ በወታደር መኪና ላይ እንደ ማገዶ ተደራርበው ሲጓዙ ታፍነው ሞቱ፤ በዕለቱ በጠቅላላ 85 ሰው አለቀ። ከ2004 ወዲህ በፓታኒ፣ በያላ፣ በናራቲዋትና በሶንግክላ አንዳንድ ወረዳዎች ከ7,000 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ መካከል ቡድሂስት መምህራንና መነኮሳት አሉ፣ ሙስሊም ኢማሞችና የመንደር ሹማምንትም አሉ።

በ2013 የታይላንድ መንግሥትና ቢ.አር.ኤን. በማሌዥያ አደራዳሪነት በኳላ ሉምፑር መነጋገር ጀመሩ፤ ንግግሩ እየተቋረጠም እየቀጠለም ዓመታት ቆጥሯል። ከጠረጴዛው ላይ በየጊዜው የሚወጡት ጉዳዮች አካባቢውን ማን ያስተዳድር፣ ማላይኛ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ቤት ምን ቦታ ይኑረው፣ የሕዝቡ ማንነት በምን መልክ ይታወቅ የሚሉት ናቸው። በኤፕሪል 1947 ከተጻፈው ወረቀት ጋር ያስተያየ ሰው ብዙ አዲስ ነገር አያገኝም።

ሐጂ ሱሎንግ መቃብር የላቸውም። በየዓመቱ ኦገስት 13 ቤተሰባቸውና የሚያስቧቸው ሰዎች የሚሰበሰቡት በፓታኒ ከተማ በኖሩበት ቤት ነው።